ዛሬስ ተጋቡ?

ቀለሙ ግትር ሰው ነው። ግትር ስላችሁ እንዲሁ ለወሬ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ መቀሌ ኖሮ፣ ትግርኛውን አንድም ሳያመልጠው እየሰማ፣ ሚስቱ በትግርኛ ስትቆጣው በደሴ አማርኛ የሚመልስ ዓይነት ግትር ነው። በዩኒቨርሲቲው ላብራቶሪ ቴክኒሽያን ሆኖ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ፣ ስም ያልተጻፈበት ጠርሙስ መደርደሪያ ላይ ካየ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ይውል ነበር። ሰው ሲስቅበት «ሳቁ፣ ሳቁ! አንድ ቀን አሲድ ስትጠጡ ትዝ እላችኋለሁ» ይላል።

እንግዲህ ይኸ ሰው ነገ ማለዳ መቀሌን ለቆ ወደ ደሴ ሊመለስ ነው። ታናሽ ወንድሙ አንድ ክፍል አሰናድቶለታል። አልጋው ተፈታትቷል፣ ዕቃው በካርቶን ታሽጓል፣ በየካርቶኑም ላይ እንደ ልማዱ ስም ተጽፎበታል፤ «ብርጭቆ»፣ «ብርድ ልብስ»፣ «ልዩ ልዩ»። ሳይታሸግ የቀረው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጓዳው ጥግ በርጩማ ላይ የተቀመጠው የሸክላ ማሰሮ ነው፤ እሱን ትንሳኤ ካረፈች ወዲህ ማንም ነክቶት አያውቅም። ሌላው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው የትንሳኤ የመጫወቻ ካርታ ነው።

ትንሳኤ ሚስቱ ናት። ነበረች ልበል እንጂ፤ ካረፈች ሦስት ዓመት አልፏታል። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ መቀሌ ነው፤ ስትስቅም ስትቆጣም ከመንገድ ማዶ ትሰማ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንድ ጨዋታ ነበራት። ለብቻዋ ትቀመጥና ካርታውን ጠረጴዛው ላይ በመደዳ ትደረድራለች፣ ከመሀል እያነሳች ታወጣለች፣ ደግሞ ትደረድራለች። ከአክስቷ የተማረችው ነው፤ ስሙን መርዓ ትለዋለች፣ ሠርግ ማለት ነው። ሰፈሩ ሁሉ ካርታ ይጫወታል፤ ይኸን ግን ከእሷ በስተቀር ሲጫወተው የታየ የለም። የልብ ንግሥትና የልብ ንጉሥ ተራርቀው ይጀምራሉ፤ መጨረሻ ላይ ጎን ለጎን ከመጡ ተጋቡ ይባላል። ቀለሙ የሚያውቀው ይችኑ ብቻ ነው። ሲሳካላት ግቢ ውስጥ ላለው ለእሱ ትጮህለታለች።

«አንታ ቀለሙ! ተጋቡ!»

«ታዲያ ድግሱ የታለ?» ይላል እሱም።

«ና ላስተምርህ» ስትለው ግን አሻፈረኝ ነው። «ለብቻ የሚጫወቱት ጨዋታ ምን ጨዋታ ነው? ማንን ልትረቺ ነው?» እያለ ያሾፍባታል። ስንት ጊዜ ለመነችው! በሳቅ ለመነችው፣ በኩርፊያ ለመነችው፣ ወይ ፍንክች።

በመጨረሻው ሳምንት፣ ድምፅዋ አልወጣ እያለ፣ እጁን ይዛ «መርዓን ተማር። አሁን ብቻህን ልትሆን ነው» አለችው። «እሺ» አላት። እሺ ማለቱን አለ፤ ግን ሦስት ዓመት ሙሉ ያን ቆርቆሮ ከፍቶ ማየት አቃተው። ክዳኑ ላይ እጁን ያሳርፍና ይተወዋል። አሁን ግን ቀን አለቀ። አንድ ጊዜ እንኳ ሳያጋባቸው ከመቀሌ ላይወጣ ለራሱ ምሏል። ሚስቱን ከሀገሯ አፈር ትቶ ሲሄድ ቢያንስ ይችን ቃል ጠብቆ መሄድ ይፈልጋል፤ ሌላ የሚያደርግላት ነገር የለውማ።

የሚያስተምረው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው፤ ኑሃ።

ኑሃ ግቢውን የሚጋራቸው የነስረዲን ልጅ ናት። ነስረዲን ከወሎ መጥቶ ሮማናት አደባባይ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ ሰው ነው። ልጁ ዛሬ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሓወልቲ አካባቢ ካለ አንድ ሆቴል እንግዳ ትቀበላለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስኳር አለባት። ትንሳኤም ከአርባ ዓመቷ ወዲህ ስኳር ነበረባት። በዚያ ክፉ የጦርነት ዓመት፣ ስልክ የለ፣ ባንክ የለ፣ መብራት የለ፣ መንገዱ ተዘግቶ ነስረዲንም ኮምቦልቻ እንደወጣ ቀርቶ ሳለ፣ ኑሃ ጠዋት ጠዋት እየመጣች ከትንሳኤ ጋር ካርታው ላይ ትቀመጥ ነበር። ቀለሙ በዚያ ሰዓት ጀሪካኑን ይዞ ውኃ ሰልፍ ላይ ነው።

ዛሬ ኑሃ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ዕቃ በማሸግ ልታግዘው መጥታለች። ረፋዱ ላይ ቀለሙ የቀረችውን አንድ ጠረጴዛ መሀል ላይ አቆመና ቆርቆሮውን አመጣው።

«ኑሃ፣ ቁጭ በይ። መርዓን አስተምሪኝ።»

ልጅቱ ክው አለች። «ምንን?»

«መርዓን። የትንሳኤን ጨዋታ ነዋ።»

«ረሳሁት ጋሼ። ወላሂ ረሳሁት።»

«ወላሂ እያልሽ ስትዋሺ አታፍሪም? በይ ተቀመጪ!»

«ገና መጋረጃው አልወረደም እኮ። ማሰሮውስ? እሱን ልጠቅልለው…»

«ማሰሮውን ተይው አልኩሽ!»

ደነገጠች፤ ግን አልተቀመጠችም። ቀለሙም እልኸኛ ነው፤ ብቻውን ጀመረ። ካርታውን በወዘና እንዳየው እንዳየው ይደረድር ጀመር። አምስት ከደረደረ በኋላ ከመሀል አንዱን መዘዘ። ለምን እንደመዘዘው እሱም አያውቀው። ደግሞ ደረደረ፣ ደግሞ መዘዘ። እነዚያ የላብራቶሪ እጆች፣ አንዲት ጠብታ የማያንጠባጥቡት እጆች፣ ካርታውን ያደናብሩታል። ኑሃ መጋረጃውን ይዛ ቆማ አየችው፣ አየችው፣ አላስቻላትም።

«ኧረ እንደሱ አይደለም!» ብላ መጥታ ተቀመጠች።

«አየሽ? አልረሳሽም።»

«አቦ ይተዉኝ ጋሼ።»

እሱ ግን መጀመሪያ መቁጠር አለበት። ሳይቆጥር የሚጀምረው ሥራ የለም። ቆጠረው፤ ሃምሳ አንድ። ደገመው፤ ሃምሳ አንድ። በየዓይነቱ ለየው፤ ጦሩ ሙሉ ነው፣ አበባው ሙሉ ነው፣ ዳይመንዱ ሙሉ ነው። ከልቡ ንጉሡ የለም።

«ጉድ እኮ ነው! ሙሽራው የለም!» ብሎ ሳቀ። ኑሃ አልሳቀችም።

«የጦሩን ንጉሥ ያድርጉት። ለመማር ምን ይላል?» አለች፣ ዓይኗን ከካርታው ሳታነሳ።

«እሺ፣ ለመማር ይሁን። በይ ቀጥይ።»

«ንግሥቲቱን ከሁሉ በፊት እዚህ ግራ በኩል ያስቀምጧታል። ከዚያ ሌላውን ሁሉ እየበወዙ ከእሷ ቀጥሎ አንድ በአንድ በመደዳ ይደረድራሉ። በሁለት ተመሳሳይ ካርታ መሀል አንድ ወይም ሁለት ካርታ ገብቶ ካገኙ ያወጡታል። ተመሳሳይ ማለት በቁጥርም በዓይነትም ይሆናል። ይኸው፣ ሰባትና ሰባት፣ መሀሉ አንድ ካርታ፤ ይውጣ። ይኸው አበባና አበባ፣ መሀሉ ሁለት፤ ይውጡ። ሦስት ከሆነ ግን አይነካም።»

«ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው። ሁሉም ወጥቶ ንግሥቲቱና ንጉሡ ብቻ ከቀሩ ተጋቡ ማለት ነው።»

«ሠላሳ ዓመት የሸሸሁት ይችን ነው?» አለ ቀለሙ። በአንድ ጠዋት የሚለመድ ነገር! አጠገቧ ተቀምጦ «ይኸው ሰባትና ሰባት» ቢላት ምን ነበረበት? ምን ይጎድልበት ነበር? እርር አለ። «ንጉሡስ? የት ነው የሚገባው?»

ኑሃ የወጡትን ካርታዎች መሰብሰብ ጀመረች።

«ኑሃ፣ ንጉሡስ?»

«ንጉሡ… ከሁሉም ስር ነው የሚቀመጠው። መጨረሻ የሚወጣው እሱ ነው። እትዬ ጨዋታዋን ስትጨርስ ለነገ ብላ ከስር አድርጋው ነው የምትነሳው።»

ቀለሙ እጁ ካርታው ላይ ቀረ።

«ከስር?»

«ከስር።»

እንግዲህ የማሰሮውን ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ክፉ ዓመት መብራት ስለሌለ ማቀዝቀዣ የለም፤ የትንሳኤ መድኃኒት ደግሞ ሙቀት አይወድም። ስለዚህ ቀለሙ ብልቃጡን በላስቲክ አስሮ ውኃ ባለበት የሸክላ ማሰሮ ውስጥ አኖረው። ማሰሮውን ከመሬት ብናስቀምጠው ሰው ይመታዋል ብሎ ጓዳው ጥግ በርጩማ ላይ አወጣው። በርጩማው አንድ እግሩ አጭር ነውና ይወዛወዛል። አንድ ከሰዓት፣ መጋቢት ላይ ነው፣ ማሰሮው ሊወድቅ ሲል ለጥቂት ያዘው፤ ልቡ ስንጥቅ አለ። ያ ብልቃጥ ቢሰበር ሌላ የለም። ዙሪያውን ሲያይ ጠረጴዛው ላይ የትንሳኤ ካርታ ተደራርቦ ተቀምጧል። የጠነከረ ወረቀት ነው። የላዩን ባነሳ ጨዋታዋን አበላሽባታለሁ ብሎ ተጠንቅቆ፣ አዎን ተጠንቅቆ፣ ከስር አንዲት ካርታ መዘዘ። ፊቷን እንኳ ገልብጦ አላየም። አራት አጥፎ ከበርጩማው አጭር እግር ስር ወሸቃት። በርጩማው ጸጥ አለ። በሥራው ደስ ብሎት ወደ ጉዳዩ ሄደ፣ ካርታዋንም በዚያው ረሳት።

ቀለሙ ከጠረጴዛው ተነሳ። ኑሃ «ጋሼ» አለች፤ አልሰማትም። ጓዳ ገብቶ ማሰሮውን አቅፎ ወለሉ ላይ አኖረ፤ ውኃው ከደረቀ ቆይቷል። በርጩማውን አነሳ። ያቺ ነገር አቧራ ለብሳ ተለጥፋ ተቀምጣለች። በጥፍሩ ላቀቃትና ዘረጋት። የልብ ንጉሥ ነው። ጢሙ ላይ፣ ፊቱ ላይ፣ ሰይፉ ላይ የመስቀል ቅርጽ እጥፋት ወጥቶበታል።

ይዞት ተመለሰና ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ወዲያው አንድ ነገር ጭንቅላቱ ውስጥ ብልጭ አለ፤ ቆጣሪ ሰው ነውና።

«ይኸን ያኖርኩት መጋቢት ነው። እሷ ያረፈችው ነሐሴ ነው። በእነዚያ ወራት ሁሉ ከውኃ ሰልፍ ስመለስ ምን ትለኝ ነበር?»

ኑሃ ሻርፗን አፏ ላይ ያዘች።

«‹ቀለሙ፣ ተጋቡ!› ነበር የምትለኝ። በየቀኑ! በፊት በሳምንት አንዴ ቢሳካላት ነው። ከመጋቢት ወዲህ ግን አንድም ቀን አልቀረም። እኔማ ‹ምን ጠንቋይ ሆንሽ› እያልኩ እስቅባት ነበር። ንጉሡ እዚህ ታጥፎ ተኝቶ ማን ነው የሚያገባት? ተናገሪ!»

ልጅቷ ተናገረች። ለሦስት ዓመት አፏ ላይ የያዘችው ነገር ነው፤ ሲወጣ አንድ ላይ ወጣ።

መድኃኒቱ ለሁለት ሰው አይበቃም ነበር። የኑሃ አልቋል፣ ሐኪም ቤትም መድኃኒት የለም። ትንሳኤ ይኸን ስትሰማ ጠራቻትና «በቀን አንድ መርፌ አለን፤ ማን እንደሚወጋ መርዓ ይወስን» አለቻት። ከተጋቡ የትንሳኤ ተራ ነው፤ ካልተጋቡ የኑሃ። በዚያ ጨዋታ ተጋቡ የሚባለው ስንት ቀን አንዴ እንደሆነ ትንሳኤ አሳምራ ታውቃለች። ቀለሙ ግን በምን ይወቅ? በየቀኑ ብልቃጡን አንስቶ እያየ፣ የቀነሰውን በዓይኑ ለክቶ፣ ልክ ነው ብሎ ይመልሰዋል። ልክ ነበር። በየቀኑ አንድ መርፌ ይጎድላል። የማን ክንድ ውስጥ እንደገባ ብልቃጡ አይናገርም።

ሐኪሙ ትዝ አለው። የእግሯ ቁስል አልድን ብሎ ሲወስዳት፣ ያ ወጣት ሐኪም «ስኳሯ በጣም ወጥቷል፤ መድኃኒቷን በትክክል ትወስድ ነበር?» ብሎት ነበር። ቀለሙ ያን ቀን ጮኸበት። «አንድም ቀን አላጎደለችም! እኔ ነኝ የምቆጣጠረው!» ብሎ በእግዚአብሔር ስም ማለ። ትንሳኤ አልጋው ላይ ሆና ዓይኗን ጨፍና ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች ኑሃ። «ንጉሡ ከጠፋ በኋላ ሁሉም ቀን የእኔ ሆነ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ግን ሁለት ቀን ካልተወጋሁ መቆም አልችልም ነበር ጋሼ። ፈራሁ። ሞት ፈራሁ።»

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ቀለሙ ለአፍታ ልጅቷን ጠላት። ፊት ለፊቱ ተቀምጣ የምትተነፍሰው ትንፋሽ የትንሳኤ መሰለው። ደግሞ ወዲያው ያቺን የተጣጠፈች ካርታ አየና ጥላቻው ወደ ገዛ እጁ ዞረ። ማን መዘዘው? ማን አጠፈው? ያን በርጩማ ድንጋይ ባስደግፈው ምን ነበር? ግቢው ሙሉ ድንጋይ አይደለም እንዴ!

«አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ» አላት፤ ድምፁ ተሰባብሯል። «ንጉሡ የት እንደገባ ታውቅ ነበር ወይስ ጠፋ ብላ ነው የተወችው?»

ኑሃ እንባዋን በሻርፗ ጠረገች።

«ታውቅ ነበር። በማግስቱ ጠዋት መድኃኒቱን ልታወጣ ስትገባ አየችው። ጠርታ አሳየችኝ። እኔ ልስበው ጎንበስ ስል እጄን መታችኝ። ‹ተዪው ጓለይ፣ ተዪው ልጄ። ቀለሙ ነው ያኖረው፤ ማሰሮው እንዳይወድቅ› አለችኝ። ‹ሌላ ነገር እናድርግለት፣ ድንጋይ ላምጣ› አልኳት። ‹አይሆንም፤ እንዲያውም ደግ አደረገ፤ ከዛሬ ወዲያ አይጋቡም፣ ገላገለኝ› አለች። እየሳቀች ነው ጋሼ፣ ወላሂ እየሳቀች።»

«ለእኔስ? ‹ተጋቡ› እያለች መጮኋ ለምንድን ነው?»

«እኔም ጠይቄያት ነበር። ‹ከውኃ ሰልፍ ሲመጣ የሚስቀው በዚህች ቃል ብቻ ነው› አለችኝ።»

ቀለሙ አለቀሰ። ትንሳኤ ስትቀበር እንኳ እንደዚህ አላለቀሰም፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ ያየው ነበርና ጥርሱን ነክሶ ቆሞ ነበር። አሁን ካርቶኖቹ መሀል፣ «ልዩ ልዩ» የሚለው ላይ ክንዱን አስደግፎ፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። «ድግሱ የታለ ነበር የምላት» ይላል፣ «ድግሱ የታለ እያልኩ!» ኑሃ ልትቀርበው ፈርታ ባለችበት ቆማ ታለቅሳለች።

ሲበቃው አፍንጫውን በመሀረብ ጠረገና ወደ ጠረጴዛው ዞረ። የጦሩን ንጉሥ ወደ ቦታው መለሰ። የልቡን ንጉሥ በመዳፉ ጠፍጥፎ ከሁሉም ስር አኖረው። ንግሥቲቱን ግራ በኩል አስቀመጠ።

«ልሞክር» አለ። «ስሳሳት ንገሪኝ።»

ደረደረ። ኑሃ አጠገቡ ቆማ «ይኸ ይወጣል»፣ «እሱ አይነካም፣ ሦስት ነው» እያለች መራችው። ቀስ በቀስ ማረሙን ተወች፤ እሱ ራሱ ያየው ጀመር። አንዳንዴ መደዳው ጠረጴዛውን ሞልቶ ይረዝማል፤ አንዳንዴ አንድ ስምንት ይመጣና ሁለት ሦስቱን ተከታትሎ ያስወጣል። በእጁ የቀረው ካርታ እየሳሳ ሲሄድ ኑሃ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ወጣች።

ቀለሙ ብቻውን ቀረ። ሦስት ካርታ፣ ሁለት ካርታ፣ ከዚያ የመጨረሻው ወጣ፤ ያ የታጠፈው ንጉሥ። እጥፋቱ አላስተኛ ብሎት ጠረጴዛው ላይ እንደ ድንኳን ቀና ብሎ ተቀመጠ። ቀለሙ መደዳውን ከግራ ወደ ቀኝ አየ። ንግሥቲቱ፣ አንድ አራት ቁጥር፣ አንድ ዘጠኝ፣ ንጉሡ። ልብና ልብ፣ መሀላቸው ሁለት ካርታ። ሁለቱን ማንሳት ብቻ ነው የቀረው።

ጣቱን ዘጠኟ ላይ አሳረፈ። ሦስት ዓመት የፈራው፣ ለራሱ የማለበት፣ ትንሳኤን የሚሰናበትበት ነገር እዚህች ላይ ነው። ውጭ የቧንቧው ውኃ ሲዘጋ ተሰማው፤ ቀጥሎም የኑሃ እርምጃ። ከጦርነቱ በፊት እንደነበረው ጤነኛ፣ ፈጣን እርምጃ ነው።

ልጅቱ በሩ ላይ ቆማ እጇን በቀሚሷ እያደረቀች «ተጋቡ ጋሼ?» አለችው።

ቀለሙ መደዳውን በሁለት እጁ ሰበሰበና አንድ ላይ ቀላቀለው።

«አልተጋቡም» አላት። «ምሳ ሰዓት ደርሷል። ያንቺ ተራ ነው፤ ሂጂ መርፌሽን ተወጊ።»